«ሪኮል» መልሶ መጥራት ነው ወይስ መሻር? የአሜሪካ ፕሮግረሲቮች ዘመን ቃላት በአማርኛ

ቃል ፈላጊ፦

የተከበራችሁ አባላት፣ ጤና ይስጥልኝ። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2021 የካሊፎርኒያው አገረ ገዥ ጋቪን ኒውሰም ዘመናቸው ሳያልቅ ከሥልጣን ይውረዱ ወይስ ይቆዩ የሚል ድምፅ ሲሰጥ፣ አንዲት አዛውንት ጎረቤቴ በፖስታ የመጣላቸውን የድምፅ መስጫ ወረቀት እንዳነብላቸው ጠሩኝ። «ሪኮል» የሚለውን ቃል መዝገበ ቃላት እንዳስተማረኝ «መልሶ መጥራት» ብዬ ተረጎምኩላቸው። እማማ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው «የት ሄዶ ነው የሚጠራው?» ካሉኝ በኋላ፣ መልሴን ሳይጠብቁ «ይጠራ እንጂ፣ ደግ ሰው ነው» ብለው እስክሪብቷቸውን «አዎ» ወደሚለው ቦታ ሰደዱት። «አዎ» ማለት ደግሞ ይውረድ ማለት ነበር። እጃቸውን ይዤ ባላስቆማቸው ኖሮ፣ በእኔ አማርኛ ጦስ የሚወዱትን ሰው ሊያወርዱት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከነከነኝና የቃሉን ታሪክ ስከታተል፣ ከመቶ ዓመት በፊት «ፕሮግረሲቭ» ከተባሉት የአሜሪካ ለውጥ ፈላጊዎች ጋር የመጣ መሆኑን ተረዳሁ። «ኢኒሼቲቭ»፣ «ሬፈረንደም»፣ «ፕራይመሪ»፣ «ማሽን»፣ «ቦስ» የሚሉትም የዚሁ ዘመን ቃላት ናቸው። ለእነዚህ ተስማሚ አማርኛ ምን ትላላችሁ? ዘመኑንስ «የተራማጆች ዘመን» ብንለው ያስኬዳል?

አሮጌ አስተርጓሚ፦

ወዳጄ፣ ስሕተቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም። እኔም በወጣትነቴ ይህንኑ ቃል «ጥሪ» ብዬ ጽፌ አርታኢዬ ሲስቅብኝ ውሏል። አንድ አገር አምባሳደሩን ሲጠራ «መልሶ መጥራት» ያስኬዳል፤ ጠሪው አለ፣ ተጠሪውም የሚመለስበት ቤት አለው። ተመራጭ ግን የሚመለስበት ቦታ የለም፤ ካለበት ወንበር ይነሣል እንጂ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 ንዑስ አንቀጽ 3 ይህን ሐሳብ ያስቀመጠው በማያሻማ አማርኛ ነው፤ ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ሲያጣ «ከቦታው» ሊያነሣው እንደሚችል ይደነግጋል። ስለዚህ ለሕግ ጽሑፍ «ከቦታ ማንሳት» የሚለው ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ቃል ነው።

እኔ ግን ለንግግር «መሻር»ን እመርጣለሁ፤ ምክንያቴም እንደሚከተለው ነው። «ሹም ሽር» ስንል በአእምሯችን የሚመጣው ከላይ የተቀመጠ ጌታ ነው፤ ይሾማል፣ ይሽራል፤ ሕዝቡ የሚያደርገው አዲሱን ሹም መቀበልና የተሻረውን መሸኘት ብቻ ነው። የአሜሪካኖቹ ለውጥ ፈላጊዎች የሠሩትን በሰዋስው ቋንቋ ብናስቀምጠው፣ ግሡን ሳይለውጡ የግሡን ባለቤት ለወጡት ማለት እንችላለን። ከ1903 ጀምሮ (ዓመታቱን ለይቼ ካልገለጽኩ በቀር ሁሉም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሎስ አንጀለስ ከተማ ቻርተር (የከተማው መተዳደሪያ ሕግ) መሠረት ሻሪው መራጩ ሆነ፤ በዓመቱም አንድ የከተማው ምክር ቤት አባል በዚሁ መንገድ ተሻረ። በ1908 ኦሪገን ለመላው ግዛቷ ደነገገችው፤ በ1911 ደግሞ አገረ ገዥ ሃይረም ጆንሰን የሳውዘርን ፓሲፊክ የባቡር ኩባንያን የፖለቲካ ጡንቻ ለመስበር በገቡት ቃል መሠረት ካሊፎርኒያ ተቀበለችው። የጎረቤትዎ ወረቀት የዚያ የ1911 ድንጋጌ የልጅ ልጅ ነው።

አሪዞና የተሳተፈችበት ታሪክ የቃሉን ክብደት በደንብ ያሳያል። በ1911 ግዛት ሆና ወደ ኅብረቱ ለመግባት ስትጠይቅ፣ ያረቀቀችው ሕገ መንግሥት መራጩ ዳኞችንም ጭምር እንዲሽር ይፈቅድ ስለነበር፣ ራሳቸው የቀድሞ ዳኛ የነበሩት ፕሬዚዳንት ታፍት የመግቢያ ውሳኔውን ውድቅ አደረጉት። አሪዞናዎችም እሺ ብለው አንቀጹን አወጡት፤ በፌብሩዋሪ 14 ቀን 1912 ግዛት ሆኑ፤ በዚያው ዓመት በኖቬምበር መልሰው አስገቡት። ግዛት ከሆኑ በኋላ ፕሬዚዳንቱ ሊከለክሏቸው አይችሉማ።

«ሬፈረንደም»ን «ሕዝበ ውሳኔ» ማለታችን ትክክል ነው፤ ይሁን እንጂ ቃሉ በእኛ ጆሮ ከባድ ነው። ሕዝበ ውሳኔ ሲባል የሚታወሰን የ1993ቱ የኤርትራ ወይም የ2019ኙ የሲዳማ ዓይነት፣ በሕይወት ዘመን አንድ ጊዜ የሚመጣና የአገርን ወይም የክልልን ዕጣ የሚወስን ድምፅ ነው። በኦሪገን ግን ነገሩ እንደ ገበያ ቀን የተለመደ ነው፤ ስለ ግብር፣ ስለ ዓሣ ማጥመድ፣ ስለ ትምህርት ቤት በጀት ሳይቀር በአንድ ወረቀት ላይ ድምፅ ይሰጣል። ስለዚህ አንባቢው በሌላ መንፈስ እንዳይረዳው «በሕግ ላይ የሚሰጥ ሕዝበ ውሳኔ» ብሎ ማብራራት ይበጃል።

«ኢኒሼቲቭ» ደግሞ «ተነሳሽነት» እየተባለ ሲጻፍ ባየሁ ቁጥር ጥርሴን ያንገጫግጨኛል። የሕግ ሰዎቻችን «ሕግ ማመንጨት» የሚል የጠራ ቃል ካወጡ ቆይተዋል። መንግሥት ሕግ ያመነጫል፤ የምክር ቤት አባላትም ያመነጫሉ። በደቡብ ዳኮታ በ1898፣ ዊልያም ዩረን የተባለው የኦሪገን ሰው ለዓመታት ከወተወተ በኋላም በኦሪገን በ1902፣ ሕዝቡም በፊርማ ሕግ እንዲያመነጭ ተፈቀደ። ኦሪገኖች መብቱን ወዲያው ሲጠቀሙበት ከመጀመሪያዎቹ ያመነጩት በ1904 የጸደቀው የፕራይመሪ ሕግ ነበር። ከዚያ በፊት የፓርቲውን እጩ የሚለዩት በጉባኤ የሚሰበሰቡ የፓርቲ ሰዎች ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ ግን እጩውን የሚለየው ተራ መራጩ ሆነ። በዚሁ ዓመት ዊስኮንሲንም በአገረ ገዥዋ በሮበርት ላፎሌት ጉትጎታ ተመሳሳይ ሕግ በሕዝብ ድምፅ አጽድቃለች። ስለዚህ «ፕራይመሪ»ን «ቀዳሚ ምርጫ» ከማለት ይልቅ «የእጩ መለያ ምርጫ» ብንለው ሥራውን ይገልጽልናል፤ «ቀዳሚ» መቼ እንደሚካሄድ ይናገራል እንጂ ለምን እንደሚካሄድ አይናገርም።

«ማሽን»ን «መኪና» ማለት አይቻልም፤ የስፌት መኪና እንል የነበርንበት ዘመን አልፎ መኪና ጎማ ያለው ብቻ ሆኗል። የኒው ዮርክን ከተማ ለረጅም ዘመን የተቆጣጠረው የዴሞክራቶች የፓርቲ ድርጅት፣ ታማኒ ሆል፣ እንዴት ይሠራ እንደነበር ያስቡት፤ በየሰፈሩ የተመደበ የፓርቲ ሰው አለ፤ ለመበለቲቱ ከሰል ይልካል፣ ለስደተኛው የቀን ሥራ ይፈልግለታል፣ የታሰረውን ያስፈታል፣ በምርጫ ቀንም ውለታውን በድምፅ ይሰበስባል። ይህ «የፓርቲ መዘውር» ነው። መዘውር ካልን ደግሞ «ቦስ» ራሱ ይመጣልናል፤ «ዘዋሪው» ነዋ። «አለቃ» ካልን አንባቢው ደመወዝ ከፋይ ወይም የደብር አለቃ ይመስለዋል፤ ከመጋረጃ ጀርባ ያለ ዘዋሪ ግን ሹመት ባይኖረውም የሚሾም ሰው መሆኑን ማንም አማርኛ ተናጋሪ ይረዳል።

ከእነዚህ ዘዋሪዎች መካከል የምወደው (እግዜር ይቅር ይበለኝና) ጆርጅ ዋሽንግተን ፕላንኪትን ነው። ይህ የታማኒ ሰው ፍርድ ቤቱ ውስጥ ካለች የሊስትሮ ወንበር ላይ ተቀምጦ ፍልስፍናውን ለጋዜጠኛ ይነግር ነበር። ፍልስፍናውም ሙስና ሁለት ዓይነት ነው የሚል ነው፤ አንደኛው ቁማር ቤትን እያስፈራሩ ገንዘብ መቀበል ሲሆን እሱን ይጸየፈዋል፤ ሁለተኛው ከተማው መናፈሻ ሊሠራበት ያሰበውን ቦታ ቀድሞ ሰምቶ መሬቱን በርካሽ መግዛትና ለከተማው በውድ መሸጥ ነው፤ ይኼኛውን «ሐቀኛ» ይለዋል። ቃል በቃል «ሐቀኛ ሙስና» ብንለው ስሜት አይሰጥም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረታችን «መብላት» የሚለውን ግሥ ስላቀበለን፣ «የጨዋ አበላል» ብየዋለሁ። በነገራችን ላይ «ሙስና» በግእዝ መበስበስ፣ መፍረስ ማለት ነው፤ የመቃብር ሙስና እንዲል። ፕላንኪት ግእዝ ቢያውቅ ኖሮ በቃሉ ሳይከፋ አይቀርም ነበር።

«ተራማጅ»ን በሚመለከት ግን አልስማማም። ቃሉ ከ1966 ዓ.ም. አብዮት ጋር ተወልዶ ያደገ ነው፤ የሰማው ሰው የሚታየው የተማሪ ሰልፍና ቀይ መጽሐፍ ነው። ላፎሌትም፣ ሃይረም ጆንሰንም፣ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልትም ሪፐብሊካን ነበሩ፤ በ1912 ሩዝቬልትና ጆንሰን ተጣምረው «ፕሮግረሲቭ» የሚል የራሳቸውን ፓርቲ ቢያቆሙም ኮሚኒስት አልነበሩም። «ተሐድሶ»ም ቢሆን በቤተ ክርስቲያን አንድ ትርጉም፣ በኢሕአዴግ ሌላ፣ በካምፕ ሥልጠና ሦስተኛ ትርጉም አግኝቷል። «ለውጥ»ም ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ብቻውን አይሄድም። ስለዚህ «ፕሮግረሲቮች» ብሎ እንዳለ መጻፍና ሥራቸውን «የአስተዳደር ማሻሻያ» ማለት ይሻላል።

የሕግ ተማሪ፦

አባቴ፣ ትንታኔዎን በአድናቆት አነበብኩት፤ የግሡ ባለቤት ተለወጠ ያሉት ግን ግማሹ ብቻ እውነት ይመስለኛል። እነዚሁ ሰዎች በከተሞች ውስጥ ያደረጉት ተቃራኒውን ነው። ጋልቬስተን በሴፕቴምበር 1900 በደረሰባት አውሎ ነፋስ በሺህ የሚቆጠሩ ነዋሪዎቿን ከቀበረች በኋላ፣ ከንቲባና ምክር ቤቷን ትታ ከተማዋን ለአምስት ኮሚሽነሮች ሰጠች። (ኮሚሽን ሲባል በእኛ አገር የደላላ ድርሻ ትዝ ማለቱ ሌላ ችግር ነው።) ዴይተን ኦሃዮም በማርች 1913 በጎርፍ ከተጥለቀለቀች በኋላ በ1914 «ሲቲ ማኔጀር» ቀጠረች። ቃሉን ልብ ይበሉልኝ፤ ይቀጠራል እንጂ አይመረጥም። አዲስ አበባም «የከተማ ሥራ አስኪያጅ» ስላላት አማርኛው ችግር የለበትም፤ ነገር ግን እዚህ ላይ ባለቤቱ መራጩ ሳይሆን ምክር ቤቱ ነው። በየሰፈሩ የሚመረጡ አባላት ቀርተው መላው ከተማ በአንድነት እንዲመርጥ ሲደረግም፣ ታማኒን የመሰሉ መዘውሮች ያቀፏቸው ድሆች ስደተኞች ወኪል አጥተዋል።

ሁለተኛው ነጥቤ «ሕዝብ» ስለሚለው ቃል ነው። ያሞገሱት የእጩ መለያ ምርጫ በደቡብ ግዛቶች ለነጮች ብቻ ተብሎ ሲካሄድ ኖሮ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሻረው በ1944 በስሚዝና ኦልራይት ክርክር ነው። ሴቶች በመላው አገሪቱ ድምፅ ያገኙት በ1920 ነው። ስለዚህ «ሻሪው ሕዝብ ሆነ» ብለን ስንጽፍ የትኛው ሕዝብ እንደሆነ ካልነገርን አማርኛችን ከእንግሊዝኛው የባሰ ያሳስታል።

አሮጌ አስተርጓሚ፦

ልጄ፣ ተግሣጽህን ተቀብያለሁ፤ በተለይ ስለ «መቅጠር» ያልከውን። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በግዛትና በፌዴራል ደረጃ ባለቤቱ በእርግጥ ተለውጧል፤ ሴናተሮችን እስከ 1913 ይመርጡ የነበሩት የግዛት ምክር ቤቶች ናቸው፤ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት 17ኛው ማሻሻያ ሥልጣኑን ለመራጩ ሰጠው። ባለቤቱ ቢለወጥም የግሡ ጉልበት ሙሉ ላይሆን ይችላል፤ ብዙዎቻችን በምንኖርባት ዋሽንግተን ዲሲ፣ በ2018 መራጮች የአስተናጋጆችን መነሻ ደመወዝ የሚያሳድግ ሕግ አመንጭተው ቢያጸድቁ፣ የከተማው ምክር ቤት በዚያው ዓመት ሻረው፤ መራጮች በ2022 ደግመው አመነጩት። ያኔ በየምግብ ቤቱ ኩሽና «ሕዝብ ያጸደቀውን ይሽራሉ እንዴ?» የሚለው ክርክር በአማርኛ ሲካሄድ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ማንም «ኢኒሼቲቭ» የሚለውን ቃል አልፈለገውም።

ቃል ፈላጊ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ግን ይታረምልኝ፤ «መሻር» ለሰውም ለሕግም ስለሚሆን፣ ሁለቱም በአንድ ወረቀት ላይ ሲመጡ ይምታታል። ቁስልም ይሽራል፣ ጾምም ይሻራል። በትናንትናው ዕለት እማማን «አገረ ገዥው ይሻር?» ብዬ ብጠይቃቸው «ታሞ ነበር?» አሉኝ። «ከወንበሩ ይነሣ ወይስ ይቆይ?» ስላቸው ግን «ይቆይ አልኩህ እኮ!» ብለው ተቆጡኝ። ስለዚህ በድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ «ማንሳት»ን፣ ስለ ታሪኩ ስንጽፍ ደግሞ «መሻር»ን ብንጠቀም እመርጣለሁ።