ለእድሩ ሲስተም ብሬከር፦ ረቂቅ ሐሳብ

አስተባባሪ፦ ለእሁዱ ስብሰባ አንድ ገጽ እናዘጋጅ። መነሻችን ያ ቅዳሜ ነው። የክፍያ አገልግሎቱ መልስ አልሰጥ ሲል የእኛም ሲስተም አብሮ ተኛ። የለቅሶ መልእክት እንኳ ሳይደርስ ቀረ። ለቅሶን ከክፍያ ምን አገናኘው?

ከሰርቨር ቡድን፦ ሰርቨራችን በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው 40 ጥያቄ ነው። አንድ የክፍያ ጥያቄ 30 ሰከንድ መልስ ይጠብቃል። ሰው ደግሞ እምቢ ሲለው ደጋግሞ ይጫናል። አርባውም ቦታ በክፍያ ተያዘ፣ ለመልእክት የተረፈ የለም።

ሐሳቤ ሰርኪዩት ብሬከር ነው። ከመጨረሻዎቹ 20 የክፍያ ጥያቄዎች ግማሹ ከወደቀ መስመሩ ይቋረጣል። ለአንድ ደቂቃ ወደዚያ ምንም አንልክም። ከዚያ 3 ጥያቄ ብቻ ለሙከራ፤ ካለፉ መስመሩ ይከፈታል። የምንጠብቀውም 30 ሳይሆን 5 ሰከንድ ይሁን።

ሒሳብ ያዥ፦ ልጆች፣ የላካችሁት ወረቀት «ብሬከሩ ዝግ ሲሆን ክፍያ ይሠራል» ይላል። ከዝግ ሱቅ ማን ይገዛል?

ከሰርቨር ቡድን፦ እውነትዎን ነው ጋሼ 😄 ቃሉ ከኤሌክትሪክ የመጣ ነው፤ እዚያ ሽቦው ሲገጥም ነው መብራት የሚያልፈው። «ያልፋል»፣ «ተቋርጧል»፣ «በሙከራ ላይ» ብለን እንጻፈው።

ሒሳብ ያዥ፦ ይሻላል። ያን ቀን ግን ሁለት ጊዜ የተቆረጠባቸው 7 ሰዎች ደብተሬ ላይ አሉ። ይህን ያስቀራል?

ከሰርቨር ቡድን፦ ብቻውን አያስቀርም። መልስ አልመጣም ማለት ብሩ አልተቆረጠም ማለት አይደለም። ለእያንዳንዱ ክፍያ መለያ ቁጥር እንስጥ፤ ሲደገምም በዚያው ቁጥር ይሂድ። አገልግሎቱ ይህን ይቀበል እንደሆነ አስተባባሪው ይጠይቅልን።

ከሞባይል ቡድን፦ «ቀሪ ሒሳብዎ አይበቃም» የሚለው መልስ እንደ ብልሽት እንዳይቆጠር! የወር መጨረሻ ላይ ብሬከሩ ሲወርድ ሊውል ነው። ሲቋረጥም «ስህተት ተፈጥሯል» አንበል። «ክፍያ ለጊዜው ቆሟል፤ ቅጣት አይታሰብብዎትም» እንበል።

ሒሳብ ያዥ፦ ቅጣት የሚያነሣው ጉባኤው ነው። በጥያቄ መልክ ይቅረብ።

ከሰርቨር ቡድን፦ ኮዱን ከባዶ አንጻፍ። ተዘጋጅተው የተቀመጡ የብሬከር ኮዶች አሉ። ከእነሱ ሂስትሪክስ የሚባለውን ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በ2018 ማሳደጉን አቁሟል፤ ሬዚሊየንስ ፎር ጄ የሚባለው ይሻለናል። ግን እንዳለ ከተውነው 100 ጥያቄ ሳይሞላ አያቋርጥም። ለእኛ እድር 100 ማለት የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

አስተባባሪ፦ ከአርባው 10 ቦታ ለለቅሶ መልእክት ብቻ ይያዝ፤ ይህን መጀመሪያ ላይ አስገባለሁ። ረቡዕ ማታ በሙከራ ሰርቨሩ ላይ ክፍያውን ሆን ብለን እንዘጋለን። ጋሼ፣ ስልክዎን ቻርጅ አድርገው ይጠብቁን፤ የሙከራው መልእክት መጀመሪያ ለእርስዎ ይላካል።