የላብራቶሪ ሪፖርት መገልበጥን በምን እናስቀር?

መምህሩ፣ ከሳቢያን፦
ጤና ይስጥልኝ። ድሬዳዋ ውስጥ የምህንድስና ተማሪዎችን አስተምራለሁ። ባለፈው ሴሚስተር አንድ የላብራቶሪ ሪፖርት ሽፋኑ ላይ የተማሪውን ስም፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ ደግሞ አምና የተመረቀ ልጅ ስም ይዞ ደረሰኝ። የመመረቂያ ፕሮጀክቶቹም ከዚህ ብዙ አይርቁም። ቁጣውንም ነጥብ መቀነሱንም ሞክሬዋለሁ፤ ለውጥ አላየሁም። በአነስተኛ ወጪ ማስተማሩንም ምርምሩንም የሚያሻሽል ዘዴ የሞከራችሁ ብታካፍሉኝ?

ኬሚስቱ፣ ከሐረር፦
የተከበሩ መምህር፣ መልሱ በየዓመቱ አንድ ዓይነት የሆነ ሙከራ እየሰጠን ተማሪው አይገልብጥ ማለት የሚያስኬድ አይመስለኝም። እኔ እያንዳንዱ ተማሪ ከሚኖርበት ሰፈር ቧንቧ ግማሽ ሊትር ውሃ እንዲያመጣና የካልሲየምና የማግኒዥየም መጠኑን በኢዲቲኤ ቲትሬሽን (ሁለቱን የሚይዝ ፈሳሽ በጠብታ እየጨመሩ በመለካት) እንዲለካ አደርጋለሁ። ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 10 ላይ ኤሪዮክሮም ብላክ ቲ የተባለ ቀለም አመልካች ጠብ ሲደረግበት ወይን ጠጅ የሚመስለው ውሃ፣ ከቢዩሬቱ (ልኬት ካለበት ቀጭን የመስታወት ቱቦ) በሚወርደው ጠብታ ድንገት ሰማያዊ ይሆናል፤ ያቺን ጠብታ ያሳለፈ ተማሪ እንደገና መጀመር አለበት። የእናንተ ከተማ የከርሰ ምድር ውሃ በኖራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ የሚመጣ ስለሆነ፣ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ያላየ ተማሪ አያገኙም። ውጤቱ በየሰፈሩ ተመዝግቦ ከዓመት ዓመት ሲጠራቀም የአምናው ሪፖርት የሚገለበጥ መሆኑ ቀርቶ የሚነጻጸርበት መረጃ ይሆናል፤ ለምርምር ጽሑፍም መነሻ ይሆናል።

የቶርኖ ባለሙያ፣ ከከዚራ፦
ለልምምድ የሚላኩልን ልጆች ቀመሩን ከእኛ በላይ ያውቁታል። ነገር ግን አንዱ ኩሽኔታ የሚገባበት የ25 ሚሊ ሜትር ዘንግ ንድፍ ሠርቶ ሲያመጣ ስንት መቶኛ ሚሊ ሜትር መብለጥ ወይም ማነስ እንደሚፈቀድለት አልጻፈበትም ነበር። ዘንጉን ራሱ እንዲቆርጠው አደረግሁት፤ ኩሽኔታው ላላበት። ከዚያ በኋላ ያለ ቶለራንስ ንድፍ አላመጣም።

የውሃ መሐንዲሷ፣ ከገንደ ቆሬ፦
ለሲቪል ምህንድስና ተማሪዎች የደቻቱ ወንዝ አለላቸው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደርሶ ከ200 በላይ ሰው የቀጠፈው ጎርፍ የወረደበት አሸዋማ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ስለሆነ፣ ተማሪዎች በሜትርና በሌቭል (የከፍታ ልዩነት መለኪያ) ብቻ ስፋቱንና ተዳፋቱን ለክተው፣ ግድግዳ ላይ የቀረውን የጎርፍ ምልክት ይዘው በማኒንግ ቀመር (ከወንዙ ቅርጽና ተዳፋት ፍሰትን በሚያሰላው) የፍሰቱን መጠን መገመት ይችላሉ። በየክረምቱ አሸዋው ስለሚለዋወጥ የአምናው ልኬት ለዘንድሮ አያገለግልም።

መምህሩ፣ ከሳቢያን፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ወይዘሮ፣ ደቻቱን ለሲቪል ባልደረቦቼ አደርሳለሁ። ኬሚስቱን ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፦ የእያንዳንዱ ተማሪ ውሃ የተለየ ከሆነ ትክክለኛውን መልስ ሳላውቅ እንዴት አርማለሁ?

ኬሚስቱ፣ ከሐረር፦
ከሰፈሩ ውሃ ጋር እርስዎ ራስዎ መጠኑን አውቀው ያዘጋጁትን አንድ ናሙና ያለ ስም ይስጧቸው። በእሱ ላይ የተሳሳተ ተማሪ የሰፈሩን ውሃ እንደገና ይለካል። ነጥቡን ደግሞ ሦስቱ ንባቦቹ ምን ያህል እንደተቀራረቡና ልዩነቱን እንዴት እንዳስረዳ አይተው ይስጡ።