ጎልፍ፦ ግሪን ላይ ቆመን ይመሽብናል፤ የሚያጓትተን ሕጉ ነው ልማዳችን?

የቶሳ ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ከደሴ ወጣ ብሎ ባለ የግጦሽ መስክ ላይ 9 ጉድጓድ አበጅተን ቅዳሜ ቅዳሜ ጎልፍ እንጫወታለን። 16 ሰው ነን፤ አራት አራት ሆነን በየ6 ደቂቃው እንነሳለን። የመጀመሪያው ቡድን ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ይጀምራል። የመጨረሻው ግን 12 ሰዓት አልፎ፣ ጉሙ ከቶሳ ተራራ ወርዶ ባንዲራው አልታይ ሲል ገና 8ኛው ጉድጓድ ላይ ነው።

የሚያቆየን ኳስ ፍለጋ አይደለም፤ ሣሩን ከብቱ ስለጨረሰው ኳስ አይጠፋም። ነገሩ የሚንቀራፈፈው ግሪን (ጉድጓዱ ያለበት የተስተካከለ ሣር) ላይ ከተደረሰ በኋላ ነው። አንዱ ባንዲራው ይነቀል ይላል፣ ሌላው ይተከል ይላል። አንዱ የላም ኮቴ ሲደለድል ሌላው «ይሄ ያስቀጣል» ብሎ ይሟገተዋል። «ሩቅ ያለው ይቅደም» ይባልና ሩቅ ያለው ኳሱን ጠርጎ እስኪጨርስ ሦስት ሰው እጁን አጣምሮ ይቆማል። ስንዝር የቀረችውን ኳስ እንኳ ሁሉም ለምልክት ሳንቲም እያስቀመጠ ያነሳታል። ከሁሉ የባሰው 4ኛው ጉድጓድ ነው። 110 ሜትር ብቻ ናት፣ ግን ሁልጊዜ ሁለት ቡድን እዚያ ተደራርቦ ይጠብቃል።

ከዚህ ሁሉ ሕግ የሚያስገድደን የቱ ነው? ልማድ ብቻ የሆነውስ? የሚያስቀጣውንና የማያስቀጣውን ለይታችሁ ብትነግሩኝ በአንድ ወረቀት አውጥቼ ለሁሉም አድላለሁ።

ቦርከና ዳር፦
አብሽር ወንድሜ፣ አብዛኛው ልማድ ነው። የጎልፍ ደንብ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2019 ጀምሮ ብዙ ላልቷል፤ እናንተ የምትሟገቱበት የድሮውን ነው።

ከባንዲራው ልጀምር። ዱሮ ግሪን ላይ ሆነህ የመታኸው ኳስ የተተከለውን የባንዲራ ዘንግ ከነካ 2 ምት ይጨመርብህ ነበር። አሁን በደንብ 13.2 ተተክሎ እያለ መምታት ይቻላል፤ ኳሱ ቢነካውም ቅጣት የለም። ምርጫው ግን ከመምታትህ በፊት ነው፦ ተተክሎ ይቆይ፣ ይነቀል፣ ወይም ሰው ይዞት ይቁም። ተወው ብለህ ከመታህ በኋላ ኳሱ እየተንከባለለ ሳለ እንዲጠቅምህ ብሎ መንቀል ያስቀጣል። ጊዜ የሚበላው ደግሞ መንቀሉ ሳይሆን መፈራረቁ ነው፤ ለአንዱ ተነቅሎ፣ ለቀጣዩ ተተክሎ፣ ለሦስተኛው እንደገና ተነቅሎ። ሁሉም ተተክሎ እያለ ለመምታት ቢስማማ ይህ ምልልስ ይቀራል። አልፈልግም የሚል ካለ መብቱ ነው፣ ግን እሱው ነቅሎ እሱው ይትከል።

ተራን በተመለከተ፣ ሁለቱን የአጨዋወት ዓይነት እየቀላቀላችሁ ይመስለኛል። ጠቅላላ ምት በሚቆጠርበት በስትሮክ ፕሌይ «ሩቅ ያለው ይቅደም» መደበኛው ቅደም ተከተል ነው እንጂ ግዴታ አይደለም። ማንንም ለአደጋ እስካላጋለጠ ድረስ የተዘጋጀ ሰው ቢቀድም ቅጣት የለበትም፤ ደንቡ ራሱ ያበረታታዋል። የሚያስቀጣው አንዱን ለመጥቀም ተመሳጥሮ ተራ መቀያየር ብቻ ነው። ሰው ለሰው በሚገጥምበት በማች ፕሌይ ግን ተራ የጨዋታው አካል ስለሆነ ያለ ተራህ ብትመታ ተጋጣሚህ ወዲያውኑ ምቱን ሰርዞ «ድገም» ሊልህ ይችላል። እዚያም ቢሆን ጊዜ ለመቆጠብ ብላችሁ ተስማምታችሁ መቀዳደም ይፈቀዳል።

ኳስን ምልክት አድርጎ ማንሳት የሚያስፈልገው ሌላ ሰው ላይ እንቅፋት ስትሆን ነው፣ ወይም ማጽዳት ሲያስፈልግህ። ሳታመለክት ካነሳህ 1 ምት ትቀጣለህ። ስንዝር የቀረችውን ግን ምን አነሳት? ቀጥል፣ አስገባና ዞር በል። «የሌላውን መስመር እረግጣለሁ» ብሎ የሚፈራ አለ። በኳስህና በጉድጓዱ መካከል ባለው በራስህ መስመር ላይ እግርህን ከፍተህ ወይም ረግጠኸው መምታት በመርህ ደረጃ አይፈቀድም። የሌላ ተጫዋች መስመር ላለመርገጥ ስትል ካደረግኸው ግን ቅጣት የለውም። ሌላም አለ፤ በስትሮክ ፕሌይ «ኳስህን አንሳልኝ» የተባለ ሰው ከማንሳት ይልቅ ቀድሞ መምታት ይችላል። ይህን አንድ ነገር ብቻ ብትለምዱ ሳንቲም የማስቀመጡ ጣጣ በግማሽ ይቀልላል። ብቻ በመስመር ላይ ያለችን ኳስ ሳታስነሱ አትምቱ። በስትሮክ ፕሌይ ሁለቱም ኳሶች ግሪን ላይ ሳሉ መትተህ የቆመችውን ብትገጫት 2 ምት የሚጨመረው በመቺው ላይ ነው።

«ይብቃህ፣ ገብታለች» ማለት በማች ፕሌይ ብቻ ነው። ከተሰጠ አይመለስም፣ አልቀበልም ማለትም አይቻልም። በስትሮክ ፕሌይ ኳሷ ጉድጓድ መግባት አለባት፤ ሳታስገባ አንስተህ ስህተቱን ሳታርም ቀጣዩን ጉድጓድ ከጀመርክ ከውድድር ትወጣለህ። ለእናንተ የሚስማማው እ.ኤ.አ. በ2019 የገባው የከፍተኛ ነጥብ አጨዋወት ነው (ደንብ 21.2)። ለምሳሌ የጉድጓዱን ፓር (ለጉድጓዱ የተመደበውን የምት ብዛት) እጥፍ ጣሪያ ታደርጋላችሁ፤ ፓር 3 ላይ 6 የደረሰ ሰው ኳሱን አንስቶ 6 ይጽፋል፣ አለቀ። በግሪኑ ዳርና ዳር ለ9ኛ ጊዜ የሚመላለሰውን ሰው ቆሞ መጠበቅ ይቀራል።

ኮቴውማ በጣም ግልጽ ነው። ግሪን ላይ የእንስሳ ኮቴ፣ የጫማ ጭረት፣ ኳስ ሲወርድ የሰረጎደው፣ በረዶ የቦረቦረው፣ ሁሉም ይጠገናል (ደንብ 13.1)። በእጅ፣ በእግር፣ በፐተርም (ግሪን ላይ በምንመታበት ዱላ) ይሁን፣ ቅጣት የለም። የማይነካው የመሬቱ የተፈጥሮ ወጣ ገባ እና በራሱ የሳሳው ሣር ነው። እበት፣ ፋንድያና በጠጥ ደግሞ ግሪን ላይም ከግሪን ውጭም ያለ ቅጣት ይነሳሉ። አፈርና አሸዋ ግን የሚጠረገው ግሪን ላይ ብቻ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ጥገናው «ያለ አግባብ ማዘግየት» ከሆነ ራሱ ያስቀጣል፤ የራስህን መስመርና የራስህን ኳስ ስርጉድ እንጂ ግሪኑን በሙሉ ለማስተካከል አትነሳ። ስርጉዷን ስትጠግን ሹል እንጨት ዳር ዳሯ ላይ ሰክተህ ሣሩን ወደ መሃል ግፋው። ከሥር ወደ ላይ ከፈነቀልከው ሥሩ ይበጠስና ቦታው ቡናማ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ በፐተር መታ መታ ማድረግ ነው።

ሐረጎ፦
ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው፣ ግን 4ኛዋን ጉድጓድ ማንም አልነካት። የእናንተ ጨዋታ እዚያች ላይ የሚታነቀው ወፍጮ ቤት እንደሚታነቅ ነው፤ ሁሉም በማለዳ እህሉን ተሸክሞ ቢመጣ ድንጋዩ የሚፈጨው በራሱ ፍጥነት ነው።

አስላው። 110 ሜትር ጉድጓድ ላይ አራት ሰው መነሻው ላይ መትቶ፣ ተራምዶ፣ ግሪን ጨርሶ እስኪወጣ 10 ደቂቃ ይፈጅበታል እንበል። እናንተ በ6 ደቂቃ ልዩነት ትደርሳላችሁ። ሁለተኛው ቡድን 4 ደቂቃ ይጠብቃል፣ ሦስተኛው 8፣ አራተኛው 12። ሌላው ጉድጓድ ላይ ብትሮጡ ብትበሩ እዚያ ደርሳችሁ ትቆማላችሁ። «በየ6 ደቂቃው ከተነሳን እንፈጥናለን» የሚባለውም አይሠራም። በየ10 ደቂቃው ብትነሱ አራተኛው ቡድን የሚጨርስበት ሰዓት ያው ነው፤ የሚጠብቀው መንገድ ላይ መሆኑ ቀርቶ ጥላ ሥር ተቀምጦ ይሆናል።

እዚያች ግሪን ላይ የምትቆጥቧት ጊዜ ግን ትባዛለች። 10ሩን 8 ብታደርጉት የአራተኛው ቡድን ጥበቃ ከ12 ወደ 6 ደቂቃ ይወርዳል፤ የራሱ 2 ደቂቃ ሲታከልበት 8 ደቂቃ ቀድሞ ይወጣል።

እንዴት ይቀነሳል ካልክ፣ አጭር ጉድጓድ ላይ የታወቀ ዘዴ አለ። የፊተኛው ቡድን ግሪን ሲደርስ ኳሶቹን ምልክት አድርጎ ያነሳና ወደ ዳር ወጥቶ ለኋለኞቹ እጁን ያውለበልባል። እነሱ አራቱም ይመታሉ። እነሱ እየተራመዱ ሳሉ የፊተኞቹ ፐት አድርገው (ኳሱን በፐተር መትተው) ይጨርሳሉ። በዚህ መንገድ የእግር ጉዞውና የግሪኑ ሥራ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ዳር የቆሙት ዓይናቸውን ከሚመጣው ኳስ እንዳይነቅሉ፤ ጀርባ ሰጥቶ ወሬ ማውራት አይሆንም።

ከዚህም የሚሻለው በአንድ ፊሽካ መጀመር ነው። 9 ጉድጓድና 4 ቡድን ካላችሁ አንዱን ከ1ኛ፣ አንዱን ከ3ኛ፣ አንዱን ከ5ኛ፣ አንዱን ከ7ኛ አስነሱ። ሁሉም 9 ሰዓት ላይ ይጀምራል፣ ሁሉም በተመሳሳይ ሰዓት አካባቢ ይጨርሳል። ጉሙም ቢመጣ ጨርሳችሁ ሻይ ላይ ናችሁ።

ስለ ፍጥነት ካነሳን አይቀር፣ ደንቡ መምታት ከሚችልበት ጊዜ ጀምሮ በ40 ሰከንድ ውስጥ ምታ ብሎ ይመክራል፣ በአብዛኛውም ከዚያ ባነሰ። አራት ሰው ሁለት ሁለት ፐት ቢመታ በአንድ ግሪን 8 ምት ነው። ከእያንዳንዱ 10 ሰከንድ ብትቀንሱ በ9 ጉድጓድ 12 ደቂቃ ታተርፋላችሁ። ያ 10 ሰከንድ የሚገኘው ፈጥኖ በመምታት አይደለም፤ ሌላው ሲመታ ያንተን መስመር አይተህ በመጨረስ ነው።

ገራዶ፦
«ባንዲራው ይተከል» በሚለው አልስማማም፤ ዘንጋችሁ ምን ዓይነት ነው? ቀርከሃ ከሆነ ጉድ ነው።

የጉድጓዱ አፍ 108 ሚሊ ሜትር ነው፣ ኳሷ ቢያንስ 42.67። ዘንጉ መሃል ላይ ቀጥ ብሎ ቢቆምና ውፍረቱ 25 ሚሊ ሜትር ቢሆን በዘንጉና በጉድጓዱ ጠርዝ መካከል የሚቀረው 41.5 ነው። ኳሷ አትወርድም፣ ተጣብቃ ትቀራለች። ከዚያ «ገብታለች፣ አልገባችም» የሚል ክርክር ይነሳል። ሕጉ ዘንጉን ተደግፋ የቆመች ኳስ ማንኛውም ክፍሏ ከመሬቱ ልክ በታች ካለ ገብታለች ይላል፣ እናንተ ግን ተንበርክካችሁ ስትለኩ 5 ደቂቃ ያልፋል። ባለ 12 ቶንዲኖ ብትጠቀሙ ክፍተቱ 48 ይሆናል፣ ኳሷ ትገባለች። ጫፉን ወደ ታች እንዳትሹሉት፤ መሬት ውስጥ እየጠለቀ ይሄድና ያዘምማል። ወደ መቺው በኩል ያዘመመ ዘንግ ክፍተቱን ያጠብባል።

ጉድጓዱን በምን እንደደገፋችሁት አልነገርከንም። ባለ 110 የፍሳሽ ፒቪሲ ቱቦ ከሆነ ለጓደኛ ጨዋታ ይሆናል፣ ብቻ አፉን ከመሬቱ 25 ሚሊ ሜትር ወደ ታች አስገቡት። ከሣሩ እኩል ከሆነ ኳሷ ከፕላስቲኩ ጠርዝ እየነጠረች ትወጣለች፣ ሰውም ፐቱን የሳተው እሱ መሆኑን አያምንም። ጥልቀቱ ከ102 ሚሊ ሜትር አይነስ። ከሥሩ ጠጠር ካላደረጋችሁበት በክረምት ውሃ ይይዛል፣ ኳስም እየተንሳፈፈ ይጠብቃችኋል።

የቶሳ ልጅ፦
ኑሩልኝ። ዘንጉ ቀርከሃ ነው፣ ተይዘናል! ሁለት ነገር ቀረኝ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ አለ፤ መልሰን ያስቀመጥናት ኳስ ስትንከባለል «ካለችበት ምታ»፣ «መልሳት» እየተባለ እንጨቃጨቃለን። ደግሞ አንድ ወንድማችን አለ፣ መስመሩን ከአራት አቅጣጫ ቁጢጥ ብሎ ካላየ አይመታም። እሱን በሕግ ምን ይሉታል?

ቦርከና ዳር፦
ነፋሱን በአንድ ጥያቄ ለይው፦ ኳሷ ግሪን ላይ ምልክት ተደርጎባት ተነስታ ተመልሳ ተቀምጣ ነበር? ከነበረች ነፋስ ቢያንቀሳቅሳትም ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። ተነስታ የማታውቅ ከሆነ ካረፈችበት አዲስ ቦታ ትመታለች። በሁለቱም ቅጣት የለም። በእግርህ ወይም በፐተርህ ሳታውቀው ብትነካትም ያው ነው፤ መልሳት፣ ቅጣት የለም።

ወንድማችን ከአራት አቅጣጫ ይይ፣ ማንም አይከለክለውም፤ ግን ሌሎቹ ሲመቱ ይጨርስ። ያለ አግባብ ማዘግየት (ደንብ 5.6) የመጀመሪያው 1 ምት፣ ሁለተኛው 2 ምት፣ ሦስተኛው ከውድድር መውጣት ነው። በወዳጅ ጨዋታ አንድ ጊዜ 1 ምት ብትጽፉበት ይበቃዋል። ጠርዝ ላይ ተንጠልጥላ የቀረች ኳስንም ንገሩልኝ፦ እስኪደርስባት ያለው አግባብ ያለው ጊዜ፣ ሲደመር 10 ሰከንድ። ከዚያ በኋላ ብትወድቅ ገብታለች ይባላል፣ ነገር ግን 1 ምት ይጨመራል። ስለዚህ ቆሞ ዱዓ ማድረግ ትርፍ የለውም።

ሐረጎ፦
ወረቀቱ ላይ ይህንንም ጨምርበት፦ ቦርሳ ከግሪኑ ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ቀጣዩ መነሻ በሚወስደው ጎን ይቀመጥ። ነጥብ ደግሞ ግሪን ላይ ቆሞ አይጻፍም፤ ቀጣዩ መነሻ ላይ የመጀመሪያው ሰው ሲመታ ሌሎቹ ይጽፋሉ። የራሱን የጨረሰ ሰው ያመለጠችውን ፐት ሊደግም ቢል ደንቡ አይከለክልም፣ ከኋላ ሰው ካለ ግን እናንተ ራሳችሁ ከልክሉ።

ገራዶ፦
ቶንዲኖ ስትቆርጡ 2 ሜትር ከ20 አድርጉት፤ 20ው መሬት ውስጥ ይገባል። ጨርቁ ቀይ ይሁን፣ በጉም ነጭ አይታይም።