የካምፒንግ ሜምበርሺፕ ያዋጣል ወይስ ዝም ብሎ ገንዘብ ማውጣት ነው?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ላማክራችሁ። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው፤ ሁለት ልጆች አሉን፣ እናቴም ከእኛ ጋር ናት። ባለፈው ሰመር ከጓደኞቻችን ጋር ከኒንግሃም ፎልስ ሄደን ድንኳን ተክለን አደርን፤ ልጆቹ እስከ ዛሬ ወሬያቸው እሱ ነው። ባለቤቴም ከዚያ ወዲህ ካምፒንግ ካምፒንግ ይላል።

አሁን ደግሞ አንድ የካምፕ ድርጅት «መጥታችሁ ቦታውን እዩ፣ ሁለት ሌሊት በነፃ እደሩ» ብሎ ጋበዘንና ሄድን። ለካ ነፃው ነገር ቁጭ ብሎ የሽያጭ ሰው ማዳመጥ አለበት። ሰውየው አፉ ቅቤ ነው። መጀመሪያ 4,000 ዶላር ትከፍላላችሁ፣ ከዚያ በየዓመቱ 700 ዶላር፤ በየስቴቱ ባሉት ካምፖቻችን ውስጥ የአዳር ሳትከፍሉ ታድራላችሁ ነው የሚለው። «ይሄ ዋጋ የዛሬ ብቻ ነው» ሲለን እኔ ልጁን አመመው ብዬ ሁሉንም ይዣቸው ወጣሁ (አላመመውም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ)። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ይደውላል፤ ዋጋው ያው ነው።

ባለቤቴ «እንደ እቁብ ነው፣ በየዓመቱ እየጣልን ልጆቹ ከስልክ ይላቀቃሉ» ይላል። እኔ ነርስ ነኝ፣ በየሁለት ሳምንቱ ዊኬንድ እሠራለሁ። እሱ ኡበር ነው የሚሠራው። አርቪ (የሚታደርበት መኪና) የለንም፤ ያለን ድንኳንና ሚኒቫን ነው። የምታውቁ ካላችሁ እውነቱን ንገሩኝ።

ባለድንኳኑ፦

እህቴ፣ ሳትፈርሚ መውጣትሽ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። «የዛሬ ብቻ» የተባለ ዋጋ ነገም ካለ፣ ሰውየው የሚሸጠው ካምፕ ሳይሆን ችኮላ ነው።

ሂሳቡን እንየው። 4,000ውን ለ10 ዓመት አካፍይው፣ በዓመት 400 ነው። 700ውን ስትጨምሪበት 1,100 ሆነ። እዚህ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ስቴት ፓርኮች ላይ መብራት የሌለው የድንኳን ቦታ በአዳር ብዙ ጊዜ ከ30 ምናምን ዶላር አያልፍም፣ እኛ 35 እንበለው። 1,100ን ለ35 ስታካፍዪ 31 አዳር አለፍ ይላል። ይህ ማለት ለ10 ዓመት ሙሉ በየዓመቱ ከ31 ሌሊት በላይ ካላደራችሁ፣ ዝም ብላችሁ ስቴት ፓርክ እየከፈላችሁ ብትሄዱ ይሻላችሁ ነበር።

አሁን ካላንደርሽን አውጪ። በእኛ አካባቢ የካምፕ ወቅት ከሜይ እስከ ኦክቶበር ነው፤ ቢበዛ 26 ዊኬንድ። ግማሹን አንቺ ሥራ ነሽ። ከተረፈው ላይ ሠርግ ቀንሺ፣ ክርስትና ቀንሺ፣ ምርቃት ቀንሺ፣ የጁላይን የኳስ ፌስቲቫል ቀንሺ። ከኦገስት 7 እስከ 22 ደግሞ ፍልሰታ ነው፤ እናትሽ ባሉበት ካምፕ ሄዶ ጥብስ መጥበስ አይታሰብም። ዝናብ የሚያበላሸውን አልቆጠርኩም። ስንት ቀረሽ?

ለባለቤትሽ ደግሞ ንገሪልኝ፣ እቁብ ዕጣው አንድ ቀን ይደርሳል። ይሄኛው መጣል ብቻ ነው።

ጋሽ ተሳቢ፦

ልጆቼ፣ እኔ አባል ነኝ፣ አልቆጨኝምም። ግን የእኔ ኑሮና የእናንተ ኑሮ አንድ አይደለም፣ ለዚያ ነው የምጽፈው።

እኔና ባለቤቴ ጡረታ ወጥተናል፣ ልጆች አድገው ሄደዋል። ተሳቢያችንን በፒክአፑ እየጎተትን ክረምቱን ፍሎሪዳ ነን፣ ሰመሩን ወደ ሰሜን እንመጣለን። እኛ የሚያስፈልገን ውሃ፣ መብራትና ፍሳሽ ያለው ቦታ ነው። ይሄ በግል ካምፖች በሰመር በአዳር 70 ዶላርም ከዚያ በላይም ይጠየቅበታል። እንደኛ ወራት ሙሉ ውጭ ለሚያድር ሰው የዓመቱ ክፍያ ቶሎ ይመለሳል። ሜምበርሺፕ የተሠራው ለእንደኛ ዓይነቱ ነው፤ ማክሰኞ ገብቶ ዓርብ ሰው ሲመጣ ለሚወጣ።

አሠራሩን ልንገርሽ። ታውዘንድ ትሬይልስ የሚባለው አሜሪካንን በ5 ዞን ይከፍላታል፤ መነሻው ፓስ የሚሸጠው በዞን ነው፣ ለአንድ ዓመት፣ ያ የብዙ ሺህ ዶላር መግቢያ ሳይኖርበት። ቡክ የሚደረገው ከ60 ቀን በፊት ጀምሮ ነው። አንድ ቦታ እስከ 14 ሌሊት ታድሪያለሽ፣ ከዚያ ወደ ሌላው ካምፓቸው ከመግባትሽ በፊት 7 ሌሊት ውጭ መቆየት አለብሽ። ለአጭር ቆይታ፣ 4 ሌሊት ወይም ከዚያ በታች ከሆነ፣ ይሄ መጠበቅ የለም። ውድ የሆኑት አባልነቶች የሚያስከፍሉት ይህን ነው፦ ቀድሞ ቡክ ማድረግ፣ ረዘም አድርጎ መቆየት፣ ሳያቋርጡ ከካምፕ ካምፕ መዝለል። አንቺ የሁለት ሌሊት ሰው ነሽ። ለማትጠቀሚበት ነገር ነው 4,000 የተጠየቅሽው።

ሌላው፣ የሜምበርሺፕ ካምፕ ሁሉ ካርታው ላይ ትልቅ ይመስላል፣ ስትሄጂ ግን ብዙው ቦታ ለዓመት የተከራዩ ሰዎች የያዙት ነው፤ በረንዳ ሠርተው፣ አበባ ተክለው፣ ጎልፍ ካርት አቁመው። ለመንገደኛ የሚቀረው ጥቂት ነው፣ ለሜሞሪያል ደይና ለሌበር ደይ ዊኬንድ ደግሞ ቡኪንግ እንደተከፈተ ያልቃል። መሬቱ ለአርቪ ተብሎ ጠጠር የፈሰሰበት ነው። ድንኳን የማይፈቅዱም አሉ። ልጆችሽ የወደዱት ጫካና ሐይቅ ከሆነ እዚያ አያገኙትም፤ የመዋኛ ገንዳ ግን ያገኛሉ።

እኔ ደግሞ አዲስ አልገዛሁም። መንዳት ካቃታቸው ሽማግሌ ፈረንጆች ላይ ነው ያዛወርኩት። የማዛወሪያ ክፍያ አለው፣ አንዳንዱ ጥቅም ለሁለተኛ ባለቤት አይተላለፍም፣ የሚተላለፈውን ከድርጅቱ በጽሑፍ ተቀብዬ ነው የፈረምኩት። ሁለተኛ እጅ ገበያው ላይ ዋጋቸውን እይ እስቲ፤ ሌላው ሰው ዓመታዊውን ክፍያ ብቻ ተረከቡኝ እያለ የሚለምንበትን ነገር አንቺ በአዲስ ዋጋ ምን አስገዛሽ?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ እንዲህ ዘርዝሮ የነገረን ሰው የለም። ባለቤቴ አንብቦት «እንግዲያው 4,000ውን ትተን ጋሼ ያሉትን የአንድ ዓመት ፓስ ብቻ እንግዛ፣ 700 ነው እንበል፣ እኔ ኡበር ስለሆንኩ በሳምንቱ መሀል መሄድ እችላለሁ» አለ። እኔም ማክሰኞና ረቡዕ ብዙ ጊዜ ኦፍ ነኝ። ትምህርት ሲዘጋ ማለት ነው። እሱስ? ደግሞ እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ መሬት ላይ መተኛት አትችልም። ካቢን (አልጋ ያለው ትንሽ ቤት) በአባልነቱ ውስጥ ይካተታል?

ጋሽ ተሳቢ፦

ካቢን አይካተትም ልጄ። ቅናሽ ይደረግልሻል እንጂ የካቢኑን ኪራይ ትከፍያለሽ። ሻጮቹ ካቢኑን ያሳዩና ስለ ቦታው ነው የሚያወሩት፣ ሁለቱ ለየቅል ናቸው።

የመሀል ሳምንቱ ሐሳብ ጥሩ ነው፣ ግን ቁጠሩት። ትምህርት የሚዘጋው ከጁን አጋማሽ እስከ ኦገስት መጨረሻ፣ 10 ሳምንት ገደማ ነው። አንድ ሳምንት ሳታስተጓጉሉ ሁለት ሁለት ሌሊት ብትሄዱ 20 አዳር። ከላይ ባለድንኳኑ ባለው 35 ዶላር ሂሳብ 20 አዳር 700 ዶላር ነው። ሰመሩን ሙሉ በየሳምንቱ ሄዳችሁ ልክ ልኩን ማለት ነው! ፍልሰታውን ካወጣችሁማ ኪሳራ። በዚያ ላይ ባለቤትሽ ካምፕ ባደረ ቀን አይነዳም፣ ያንንም ጻፉት። ደግሞ በመሀል ሳምንት ስቴት ፓርኮቹ ራሳቸው ባዶ ናቸው፤ ማክሰኞ ጠዋት ተነስታችሁ ሄዳችሁ የሐይቅ ዳር ቦታ ታገኛላችሁ፤ ለዚያ አባልነት ምን ያደርጋል?

ውል አንባቢዋ፦

ሥራዬ ወረቀት ስለሆነ በእሱ በኩል ልጨምር። ገዝታችሁም ሆነ ሳትገዙ እነዚህን ውሉ ውስጥ ፈልጉ።

ዓመታዊው ክፍያ ሊጨምር ይችላል ወይ? በስንት? አብዛኛው ጊዜ እንዲጨምር የሚፈቅድ አንቀጽ አለ፣ ሻጩ ግን የዛሬውን ቁጥር ብቻ ነው የሚነግርሽ። ሁለተኛ፣ በራሱ ይታደሳል? ካርድሽ ላይ ያለጥያቄ የሚቆርጥ ከሆነ ለማቆም ስንት ቀን ቀድመሽ፣ በምን መንገድ እንደምታሳውቂ ተጽፎ ይገኛል፤ በስልክ ብቻ ነግረሽ አትተማመኚ። 4,000ውን በየወሩ ክፈሉ ካሉሽ ብድር ነው፣ ወለዱን እዪ። የማውቃቸው ባልና ሚስት ካምፕ መሄድ ካቆሙ በኋላ ዓመታዊውን መክፈል ሲያቆሙ ድርጅቱ ዕዳውን ለሰብሳቢ ሰጥቶባቸው ክሬዲታቸው ተበላሽቷል። እነሱ አባልነቱን ያሰቡት መተው የሚቻል ነገር አድርገው ነበር፤ ውሉ ግን እንዲህ አይልም።

ሰው ሁሉ «ሦስት ቀን ውስጥ መሰረዝ ይቻላል» ይላል። እሱ የፌዴራሉ ደንብ ነው፣ ሦስት የሥራ ቀን ይሰጣል፣ ግን የሚሠራው ሻጩ ቤትሽ መጥቶ ወይም ሆቴልና ኤክስፖ ላይ በጊዜያዊ ቦታ ሲሸጥልሽ ነው። ካምፑ ውስጥ ባለው ቋሚ ቢሯቸው ከፈረምሽ አይሸፍንሽም። እዚያ የሚያገለግለው የስቴቱ ሕግ ነው። ለምሳሌ ቨርጂኒያ የካምፕ አባልነት ሽያጭን የሚመለከት የራሱ ሕግ አለው። የመሰረዣው ቀን ስንት እንደሆነ ውሉ ላይ በግልጽ ያሳዩኝ በያቸው፤ ጣቱን ወረቀቱ ላይ ማድረግ ካልቻለ ብዕሩን መልሺለት።

የአሌክሳንድሪያዋ፦

ኧረ ሴትዮ፣ ቤትሽ ውስጥ ያለውን ሜምበርሺፕ ረስተሽዋል፤ እናትሽን! ግሪን ካርድ ወይም ዜግነት ካላቸውና 62 ዓመት ከሞላቸው የናሽናል ፓርክ የሲኒየር ፓስ ይገባቸዋል። የዓመቱ 20 ዶላር፣ የዕድሜ ልኩ 80 ዶላር። መኪናው ውስጥ እሳቸው ካሉ ሁላችሁም በእሱ ትገባላችሁ፣ በዚያ ላይ በብዙ የፌዴራል ካምፖች የአዳሩ ክፍያ ግማሽ ይሆናል። ቨርጂኒያ ያለው የሸናንዶዋ ናሽናል ፓርክ ለምሳሌ መግቢያው ብቻ በመኪና 30 ዶላር ነው፣ ለ7 ቀን። እናቴን ይዤ ስሄድ በሩ ላይ ያለው ጠባቂ መታወቂያዋን አይቶ «እንኳን ደህና መጡ» ሲላት ትኮራለች፣ ቤተሰቡን ያስገባችው እሷ ናታ።

አንዱ ልጅሽ አራተኛ ክፍል ከሆነ ደግሞ ለአራተኛ ክፍል ልጆች የሚሰጥ ነፃ ፓስ አለ፣ ቤተሰቡን አብሮ ያስገባል። እሱ መግቢያ ብቻ ነው፣ አዳር አይቀንስም። ሁለቱም ባይኖርሽ መደበኛው የዓመት ፓስ 80 ዶላር ነው።

ካቢን ስትፈልጊ፣ ኬኦኤ የሚባሉት ካምፖች አሏቸው፤ የቅናሽ ካርዳቸው በዓመት 40 ዶላር ገደማ ሲሆን 10 በመቶ ይቀንሳል፣ ጥቂት ካቢን ከተከራየሽ ዋጋውን መለሰ። ፓስፖርት አሜሪካ የሚባለውም 50 በመቶ ይቀንሳል፣ ግን ብዙዎቹ ካምፖች ዊኬንድና በዓል ላይ አይቀበሉትም። ለባለቤትሽ የመሀል ሳምንት ሐሳብ እሱ ይሻላል። ካሰብሽው ይሄን አስቢው።

የአሳቲግ ባሕር ዳርንም አትለፉት። እዚያ ያሉት የዱር ፈረሶች ድንኳንሽ ድረስ ይመጣሉ፣ ምግብ ካገኙ ዘርፈው ነው የሚሄዱት። ትንኙ ግን በጁላይ አያድርስ ነው፣ ሴፕቴምበር ሂዱ። ሸናንዶዋ ደግሞ ድብ አለ፤ ቋንጣና በርበሬ ድንኳን ውስጥ እንዳይገባ፣ ሁሉም ነገር መኪና ውስጥ ተቆልፎ ይደር። እንጨት ከቤት አትጫኑ፣ በተባይ ምክንያት ብዙ ቦታ ይከለክላል፣ እዚያው ግዙ። ቡናውን በጋዝ ምድጃ አፍሉት፤ ጎረቤት የሚያስቸግረው የቡናው ጭስ ሳይሆን የእኛ ሳቅ ነው፣ ከምሽቱ 10 ሰዓት በኋላ፣ በፈረንጅ ሰዓት አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ጸጥ በሉ ይላሉ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦

እናቴ 66 ናት፣ ግሪን ካርድም አላት! ልጄ ደግሞ አሁን ሦስተኛ ክፍል ነው፣ በሚቀጥለው ዓመት አራተኛ ይገባል። ባለቤቴ ዝም ብሏል፤ ሸናንዶዋ ውስጥ ያለውን ቢግ ሜዶውስ የሚባል ካምፕ እየፈለገ ነው። ለዚያ ሽያጭ ሰው ዛሬ አያስፈልገንም ብዬ ቴክስት ላክሁለት፣ ዋጋውን ወደ 2,500 አወረደው።

የአሌክሳንድሪያዋ፦

ሃሃሃ፣ ሌላ ሳምንት ብትጠብቂው ምን ይልሽ ይሆን። የልጅሽ ፓስ የሚጀምረው አራተኛ ክፍል ሲገባ ከሴፕቴምበር 1 ነው፣ እስከሚቀጥለው ኦገስት መጨረሻ ያገለግላል። ያኔ ከዌብሳይታቸው ላይ አውጥታችሁ ያዙ። ለዚህ ሰመር የእናትሽ ይበቃችኋል። ቢግ ሜዶውስ ሪክሪኤሽን ዶት ጎቭ በሚባለው ዌብሳይት ነው የሚያዘው፣ ከ6 ወር በፊት ጀምሮ ስለሚከፈት የጁላይ ዊኬንዶች አሁን ላይኖሩ ይችላሉ፤ ማክሰኞና ረቡዕን እዩ። ቡክ ስታደርጉ የእናትሽን የፓስ ቁጥር አስገቡ፣ ካልሆነ ግማሽ ዋጋው አይቆጠርላችሁም።