"ገመድ የግል ጉዳይ ነው" ያለው ልጅ ይውጣ

ሪሴፕሽኗ፦
ትናንት ማታ እዚህ ግሩፕ ላይ የአውሮፓ ህብረት የአንድ ቻርጀር ህግ ስልክ አልፎ ለላፕቶፕም ነው የሚል ዜና ሲለጠፍ ከስሩ "ገመድ የግል ጉዳይ ነው፣ መንግስት እጁን ይሰብስብ" ብሎ የፃፈው ማነው? የአዘዞ ልጅ አንተ ነህ መሰለኝ። ወንድሜ እኔ ሆቴል ሪሴፕሽን ነው የምሰራው። ከዴስኩ ስር አንድ መሳቢያ አለች፣ እንግዳ ረስቶት የሄደ ገመድ ብቻ ነው ያለባት፣ ዛሬ ጠዋት በንዴት አውጥቼ ቆጠርኩት። 23 ነው። 9 ማይክሮ (የድሮዎቹ አንድሮይድ)፣ 6 የአይፎን (ላይትኒንግ የሚሉት)፣ 5 ታይፕ ሲ (የአዲሶቹ፣ በሁለቱም በኩል የሚገባው)፣ 2 ያቺ ቀጭኗ የድሮ ኖኪያ፣ አንዱን ደግሞ የምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም የካሜራ ይመስለኛል። ለጥምቀት ቤቱ ሞልቶ ሰው በሌሊት በነጠላ ጫማ እየወረደ "እህት ቻርጀር ይኖርሻል" ሲለኝ ያን ሁሉ ይዤ ለሱ የምትሆን አንድ አላገኝም። ይሄ ነው የግል ጉዳይ? የኔስ እንቅልፍ የማን ጉዳይ ነው?

የአዘዞ ልጅ፦
አዎ እኔ ነኝ አልደበቅም፣ አሁንም እለዋለሁ። ስልኩን በገንዘቤ ገዛሁ ገመዱን በገንዘቤ ገዛሁ ታዲያ ብራስልስ ያለ ሰውዬ ምን አገባው? እሱ ሲገርመኝ እናንተ ደግሞ "እኛም አገር ይውጣልን" ትላላችሁ። መጀመሪያ መብራቱ በወጉ ይምጣ ከዛ ስለ ገመዱ እናወራለን።

አፄዎቹ፦
ሃሃሃ ቆይ ባለፈው ቅዳሜ ካፌ ውስጥ "የአይፎን ገመድ ያለው" እያለ በየጠረጴዛው ሲዞር የነበረው ይሄ ልጅ አይደለም እንዴ? የግል ጉዳዩን ከህዝብ ሲለምን በአይኔ በብረቱ አይቻለሁ

የአዘዞ ልጅ፦
መዋስና መገደድ ይለያያል። ጨው ከጎረቤት እዋሳለሁ፣ እንደዛ ስለሆነ ግን መንግስት ጨው ይምረጥልኝ አላልኩም።

ነርሷ፦
ውይ የኔ ወንድም ምሳሌ ስትመርጥ ምነው እሱን መረጥክ። ጨውን እኮ መርጦልሃል። አዮዲን ያልገባበት ለምግብ እንዳይሸጥ ህግ የወጣው እንቅርት አገሩን ስለጨረሰው ነው። ያኔም "ጨው የግል ጉዳይ ነው" ያለ ነበር ይሆናል።

የአዘዞ ልጅ፦
ስለዚህ በላይትኒንግ ቻርጅ ያደረገ ሰው እንቅርት ያወጣል ማለት ነው? እሺ።

ማራኪ ካምፓስ፦
እኔ "ብራስልስ ያለ ሰውዬ" የምትለዋ ናት ያናደደችኝ። አንድ ሰውዬ አይደለም ባባ፣ ፓርላማቸው በ 2022 ኦክቶበር ላይ 602 ለ 13 ነው ያፀደቀው፣ 8 ሰው ድምፀ ተአቅቦ። ስልክ ታብሌት ካሜራ የጆሮ ማዳመጫ ምናምን ከዲሴምበር 28 2024 ጀምሮ ታይፕ ሲ፣ ላፕቶፕ ደግሞ ከአፕሪል 28 2026። ድንገትም ተነስተው አይደለም። በ 2009 አስራ ምናምን ካምፓኒዎች በፈቃዳችን ማይክሮ እናደርጋለን ብለው ተስማምተው ነበር፣ አፕልም ከፈራሚዎቹ ነበረ፣ ከዛ ምን አደረገ? የራሱን ቀዳዳ እንዳለ ይዞ አዳፕተር ሸጠ። በ 2012 ደግሞ ላይትኒንግን ይዞ መጣ። 13 ዓመት ተለምኖ እምቢ ያለን ሰው ከዛ በኋላ "ለምን አስገደዳችሁት" ብሎ ማልቀስ ምን ይባላል?

የአዘዞ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ራስህ ነህ ያገዝከኝ። በ 2009 ያን ማይክሮ ህግ አድርገውት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሁላችንም እሱ ላይ ነበርን። መብራት ጠፍቶ በጨለማ ስትሰካው አይገባም፣ ትገለብጠዋለህ አይገባም፣ መልሰህ ትገለብጠዋለህ ይገባል፣ ያን ነበር በአዋጅ የምትኖረው። በሁለቱም በኩል የሚገባ ገመድ ስልክ ላይ ያሳየህ ላይትኒንግ ነው በ 2012፣ ታይፕ ሲ ገና በ 2014 ነው የመጣው። ማን ማንን አስተማረ?

ማራኪ ካምፓስ፦
ህጉ ውስጥ እኮ አዲስ ነገር ከመጣ የህብረቱ ኮሚሽን ያሻሽለዋል የሚል አለበት፣ ሳታነብ ነው የምትከራከረው

የአዘዞ ልጅ፦
"ኮሚሽኑ ያሻሽለዋል" ሃሃሃ። አንድ ማመልከቻ ይዘህ ቢሮ ገብተህ አታውቅም ማለት ነው

ስቱትጋርት ያለሁት፦
ሰላም ያገሬ ልጆች። እኔ እዚህ ጀርመን የምኖርበት ነገር ስለሆነ ልናገር። በ 2024 መጨረሻ ላይ አይፎን 14 እዚህ አፕል ሱቅ መደርደሪያ ላይ የለም፣ ወረደ በቃ። አሁን ቤቴ ውስጥ አንድ ገመድ ሶፋው ስር አለች፣ ለኔም ለሚስቴም ለልጆቹ ታብሌትም ለላፕቶፑም እሷው ናት። አዲስ ስልክ ሲገዛም ያለ ቻርጀር መውሰድ ይቻላል፣ ህጉ ነው ሻጩን የሚያስገድደው። የህብረቱ የራሱ ግምት የሚጣለውና ሳይነካ የሚቀረው ቻርጀር በዓመት 11 ሺ ቶን ቆሻሻ ነው ይላል። ይሄን መቀነስ ምኑ ነው ክፋቱ?

አፄዎቹ፦
አያ ስቱትጋርት ሶፋዎ ስር ያለችውን አወቅን። ባለፈው ሲመጡ ለአክስትዎ ልጅ ያመጡለት ስልክ ግን የምን ገመድ ነበር?

ስቱትጋርት ያለሁት፦
እሱ አይፎን 11 ነው... የላይትኒንግ

አፄዎቹ፦
ይኸዋ! እነሱ ሲ ይገዙና የድሮውን የግል ጉዳያቸውን ለኛ ያራግፉታል። 11 ሺ ቶኑ የት እንደሚሄድ አሁን ገባኝ

ሪሴፕሽኗ፦
መሳቢያዬ ውስጥ

ቅዳሜ ገበያ፦
እኔ ገመድና ከቨር ነው የምሸጠው። ህግ ምናምን አላውቅም ግን ከነሱ አገር የወጣው ነገር ቅዳሜ ገበያ ለመድረስ የማንንም ፈቃድ አልጠየቀም። አይፎን 15 ከወጣ ወዲህ ሰው "ሲ አለሽ" እያለ ነው የሚመጣው፣ ቴክኖውም ሳምሰንጉም ሲ ነው አዲሱ። ማይክሮ ሞቷል እንዳትሉ ግን። ከደንቢያ ከወገራ ለገበያ የሚመጣው ሰው የያዛት ቁልፍ ስልክ ማይክሮ ናት፣ እሱ እህሉን እስኪሸጥ እኔ ጋ ሰክቶ ይሄዳል፣ ባትሪዋ ሳምንት ትቆይለታለች። ነገ "ማይክሮ ክልክል ነው" ብትሉ ይሄ ሰው ስልክ ሊቀይር ነው? በምኑ? የምትከራከሩት ሁላችሁም ባለ ታች ስክሪን ስልክ ናችሁ።

ሪሴፕሽኗ፦
እታለም እሱ ልክ ነሽ፣ የድሮውን ይቀሙት ያለ ግን የለም። አዲስ የሚገባው ነው። እዛም የተከለከለው አዲስ የሚሸጠው ነው።

ቅዳሜ ገበያ፦
አዲስ የምትገባዋ ቁልፍ ስልክም ማይክሮ ናት እኮ። ርካሽ የሆነችው ለዛ ነው።

የአዘዞ ልጅ፦
እንዲህ ነው እንጂ። የገበያ ሰው ተናገረ

ነርሷ፦
የገበያዋ እህቴ አንድ ጥያቄ ግን ላንሳ። ካንቺ ሳይሆን ከዛው ሰፈር የገዛሁት "ፋስት ቻርጅ" ተብሎ በትልቁ የተፃፈበት ገመድ ለምንድነው ማታ ሰክቼ ተኝቼ ጠዋት 60 ላይ የማገኘው?

ቅዳሜ ገበያ፦
እኔ አልፃፍኩትም። አምራቹ ነው የፃፈው።

አፄዎቹ፦
"እኔ አልፃፍኩትም" የቀኑ ምርጥ

ቅዳሜ ገበያ፦
ምን ላድርግ ታዲያ ቀለሙን ልፋቀው? ደህናውን ሳሳይሽ "ውይ ተወደደ" ብለሽ ርካሹን የምታነሺው አንቺ ነሽ። በወሩ ተበጠሰ ብለሽ ደግሞ እኔን ትረግሚያለሽ።

ነርሷ፦
አልረገምኩም፣ ጠየቅኩ እንጂ

ጥገና ፒያሳ፦
ልጆች ሳነብ ቆይቼ ነው። ሁላችሁም ስለ ህጉ ታወራላችሁ፣ ቀዳዳውን ከፍቶ ያየ የለም። የአይፎኑ ምላስ ያለችው ገመዱ ላይ ነው። የሲዋ ምላስ ያለችው ስልኩ ውስጥ ነው፣ መሀል ላይ ያለችው ስስ ነገር። የአይፎኑ ሲሰበር ገመድ ትጥላላችሁ። የሲዋ ስትሰበር ስልካችሁን ይዛችሁ እኔ ጋ ትመጣላችሁ። ትናንት አንዲት እናት ስልክ አመጡ፣ ሚጢጢው ልጃቸው ተሰክቶ ሳለ ገመዱ ላይ ወድቆበት። በማጉያ ሳየው ቀዳዳው ባዶ ነው። ገመዱን ስጡኝ አልኳቸው፣ ምላሷ ገመዱ ጫፍ ውስጥ ተሰክታ ቀርታለች። ሶኬት ፈትቶ መቀየር ነው፣ 24 እግር ነው ያላት፣ በሙቀት አንስቶ መልሶ መበየድ ነው። እነዛ 602 ሰዎች ከአንድ ጠጋኝ ጋር ተማክረው ይሆን?

የአዘዞ ልጅ፦
ጋሼ ይኑሩልኝ!!

ማራኪ ካምፓስ፦
ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና እሱ ግማሹ ነው። ምላሷ ስልኩ ውስጥ ናት ልክ ነዎት። ነገር ግን ቶሎ የምታረጀው ምላሷ ሳትሆን የምትይዘዋ ስፕሪንግ ናት፣ በሲ ላይ ስፕሪንጉ ያለው ገመዱ ውስጥ ነው፣ በላይትኒንግ ግን ስልኩ ውስጥ ነው። ሲላላ ገመድ ተቀይሮ እንዲያልቅ ታስቦበት የተሰራ ነው።

ጥገና ፒያሳ፦
የታሰበውን አላውቅም ልጄ። እኔ ጋ የሚመጣው የተሰበረው ነው።

ማራኪ ካምፓስ፦
የተሰበረው ብቻ ስለሚመጣብዎት እኮ ነው ሁሉም የሚሰበር የሚመስለው

ጥገና ፒያሳ፦
ሁሉም አላልኩም። እንዲያውም "ሶኬቱ ሞቷል" ተብሎ ከሚመጣው ብዙው የኪስ ብናኝ ነው፣ በእንጨት ስንጥር ሳወጣው የተጠቀጠቀ ጥጥ ይወጣል እንደ ፍራሽ። ለሱ ገንዘብ አልቀበልም። ግን ስሙኝ በመርፌ እንዳትጎረጉሩት፣ በመርፌ ጎርጉሮ አቃጥሎ የሚያመጣው አለ።

አፄዎቹ፦
ጋሼ እኔም ልጠይቅ። መብራት ሲሄድ የማበራት ባትሪ አለችኝ፣ ቀዳዳዋ ሲ ነው። በድሮው ሰፊ ራስ ባለው ገመድ ስሰካት ትሞላለች። በወንድሜ ላፕቶፕ ቻርጀር፣ በሁለቱም ጫፍ ሲ በሆነው ስሰካት ጭራሽ እንደሌለች ነው። ተበላሸች?

ማራኪ ካምፓስ፦
አልተበላሸችም። አምራቹ ሁለት ሚጢጢ ሬዚስተር ቆጥቦ ነው። የሲ ቻርጀር ከወዲያ በኩል እነሱን ካላገኘ ኤሌክትሪክ አይለቅም። የድሮው ሰፊ ራስ ግን ማንንም ሳይጠይቅ ይለቃል፣ ለዛ ነው።

የአዘዞ ልጅ፦
ስሙት ስሙት!! ቀዳዳው አንድ ሆነ ግን ገመዱ አንድ አልሆነም። የግል ጉዳይ ስል ሳቃችሁ፣ ባትሪዋ ራሷ የግል ጉዳይ አላት

ማራኪ ካምፓስ፦
እሱ እኮ ህግ የሌለበት እቃ ስለሆነ ነው!! ህጉ የሚያስፈልገው ለዛ ነው። እዛ ከ 15 ዋት በላይ የሚሞላ ስልክ ፓወር ደሊቨሪ የሚሉትን የጋራ ፈጣን መሙያ ዘዴ የግድ መቀበል አለበት፣ የራሱን ፈጣን ዘዴ ቢጨምርም። ቅርፁን ብቻ አይደለም ያስገደዱት። አንተ ያልከው ለህጉ ማስረጃ ነው

የአዘዞ ልጅ፦
ማስረጃውን ለራስህ አድርገው እሺ

ስቱትጋርት ያለሁት፦
እኔ ግን አገር ቤት ቢያስቡበት የምለው ከስልክ ይልቅ መኪናውን ነው። የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከልክሏል፣ ጥሩ። ከቻይና የመጣችው የኤሌክትሪክ መኪና መሙያ ሶኬቷ ጂቢቲ የሚሉት የቻይናው አይነት ነው፣ ከአውሮፓ የመጣችው ደግሞ ሲሲኤስ የሚሉት የነሱው። ለገመድ ስትጣሉ ነገ ደባርቅ መንገድ ላይ "የጂቢቲ ያለው" እያላችሁ እንዳትዞሩ።

አፄዎቹ፦
አያ ስቱትጋርት መኪናው ይቅርብንና መጀመሪያ ባጃጁ ይምጣልን። ዛሬ ከአዘዞ ፒያሳ ስንት እንዳስከፈለኝ ብነግርዎት...

ነርሷ፦
የባጃጁን ነገር ሌላ ቀን እንጣላበት ስለ ማርያም

ሪሴፕሽኗ፦
ወደ ነገሬ ልመለስ። አዘዞ፣ እሺ የግል ነው እንበል። ሰው የግሉን የማይካፈለው ሲሆን ነው የግል የሚባለው። የጥርስ ብሩሽ የግል ነው፣ 23 የተረሳ የጥርስ ብሩሽ የለኝም፣ ማንም በሌሊት ወርዶ "እህት የጥርስ ብሩሽሽን" አላለኝም። ገመድ ግን አገር ሁሉ የሚዋዋሰው ነገር ነው። ለቅሶ ቤት እንኳን የመብራት አካፋዩ ላይ ስንት ስልክ ነው ተሰክቶ የሚታደረው?

የአዘዞ ልጅ፦
ይቺ ደህና ናት፣ እቀበላለሁ። ግን እሱን ገበያው ራሱ ያመጣው ነበር። ቴክኖና ሳምሰንግ ወደ ሲ ሲሄዱ የትኛው ፓርላማ አዘዛቸው?

ማራኪ ካምፓስ፦
አፕልስ? ላፕቶፑንና አይፓዱን ከዓመታት በፊት ሲ አድርጎ ስልኩን ብቻ ለምን አስቀረው? ከህጉ በፊት ነበር ገበያ?

የአዘዞ ልጅ፦
ሊያመጣው ነበር

ማራኪ ካምፓስ፦
"ሊያመጣው ነበር" ሃሃሃሃ። ህጉ በ 2022 ወጣ አይፎን 15 በ 2023 መጣ፣ ሊያመጣው ነበር

ጥገና ፒያሳ፦
አንተ የካምፓሱ፣ ስለ ስፕሪንጉ ካላመንከኝ ነገ ሱቅ ና። የፈታኋቸውን ሶኬቶች በጣሳ አጠራቅሜያቸዋለሁ፣ የሲውም የአይፎኑም አለበት፣ ራስህ በማጉያው እያየህ ለያቸው። ከ 3 ሰዓት በፊት ግን አልከፍትም።

ማራኪ ካምፓስ፦
እሺ ጋሼ እመጣለሁ። ተሳስቼ ከሆነ እዚሁ እፅፈዋለሁ።

የአዘዞ ልጅ፦
አይፅፈውም። አብሬው ሄጄ እኔ ነኝ የምቆጥረው

ጥገና ፒያሳ፦
አንተ ስትመጣ ያን ሶኬት የቀየርኩልህን ቀሪ ሂሳብም ይዘህ ና።

የአዘዞ ልጅ፦
ጋሼ እሱ የግል ጉዳይ ነው

ሪሴፕሽኗ፦
ቆይ ቆይ ቆይ። የሱ ስልክ አይፎን አይደል እንዴ? የምን ሶኬት ነው የቀየሩለት? ምላሷ ገመዱ ላይ ናት አላሉም?

ጥገና ፒያሳ፦
የሱ ውሃ ገብቶበት ነው፣ አትቀላቅሉ።