ስደት ማዳበሪያ ነው? በማን ማሳ ላይ?

የቀበሌዋ ልጅ፦
እሁድ ጉባኤ ላይ ነበርኩ። ሰባኪው ማይኩን ጨብጦ «ቤተ ክርስቲያን የሰነፈችው ስደት፣ ስለ እምነት መታሰርና መገረፍ፣ ስለጠፋ ነው። ስደት ማዳበሪያ ነው! ጌታ ሆይ ያንን ዘመን መልስልን!» አለ። አዳራሹ በአሜን ተናወጠ። እናቴ ከጎኔ ነበረች። በደርግ ጊዜ ግራ እጅሽን አንስተሽ መፈክር አሰሚ ተብላ እምቢ በማለቷ ሰባት ወር ቀበሌ እስር ቤት የከረመች ሴት ናት። አሜን አላለችም። ቦርሳዋን ከፍታ ከረሜላ መፈለግ ጀመረች። ሰባኪው ደርግ ሲወድቅ ገና አልተወለደም። ምኑን አውቆት ነው የሚናፍቀው?

ቤርያ 17፦
እህቴ፣ ስሜትሽ ይገባኛል። ግን ሐቁን እንዴት እንካድ? የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ጥር 1974 በደርግ ስትዘጋ አባላቷ 5 ሺህ ገደማ ነበሩ። ሕንፃዋ ተወረሰ፣ መሪዎቿ ታሰሩ። ደርግ ሲወድቅ 34 ሺህ ሆነው ብቅ አሉ። በየሰዉ ሳሎን፣ መጋረጃ ዘግተው፣ በሹክሹክታ እየዘመሩ። ይሄ ማዳበሪያ ካልሆነ ምንድን ነው?

ስንቅ ያዥ፦
ማዳበሪያማ ዋጋው አይቀመስም፣ ገበሬውን ጠይቀው። ቀልዱን ልተወውና፣ ያሳደጋቸው እስሩ ነው ወይስ ሳሎኑ? አምስት ስድስት ሆነው ሲሰበሰቡ ማን እንደታመመ፣ ማን ሥራ እንዳጣ ያውቃሉ። ለዚህ ደርግ ያስፈልጋል እንዴ? ማክሰኞ ማታ ጀምሩት። የሚከለክላችሁ የለም።

ቤርያ 17፦
ማንም ስለማይከለክለን ነው እኮ የማንጀምረው! የመካነ ኢየሱሱን መሪ ቄስ ጉዲና ቱምሳን አስብ። የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ኔሬሬ ከአገር ላስወጣህ ሲሉት መንጋዬን በፈተና ጊዜ ጥዬ አልሄድም ብሎ ቀረ። ሐምሌ 1971 ደርግ ገደለው። ዛሬ እንደዚያ ያለ መሪ አሳየኝ።

የቀበሌዋ ልጅ፦
ጉዲና ቀረ እንጂ «ገዳዮቼን ላክልኝ» ብሎ አልጸለየም። ልዩነቱ አይታይህም? ሚስቱ ፀሐይ ቶሎሳ አሥር ዓመት ታስራለች። የሱ አስከሬን የተገኘው በ1984 ነው። ያን ሁሉ ዓመት ቤተሰቡ የት እንደወደቀ አያውቅም። ይሄን ሁሉ በአንድ «ማዳበሪያ» ጠቅልላችሁ ማሳችሁ ላይ ልትበትኑት ነው?

ዲ/ን ዘጎፋ፦
ይቅርታ፣ ልግባበት። «ያ ዘመን» ስትሉ የናንተ ብቻ አታስመስሉት። በዚያው በ1971 የኦርቶዶክሱ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም ተገድለዋል። አፅማቸው ጎፋ ገብርኤል ነው ያረፈው። እኛ ጋ ስደት ሲመጣ ይታገሡታል እንጂ አይለመንም። በየቀኑ «ወደ ፈተና አታግባን» እያልን እንዴት እንለምናለን? የሰምርኔሱን የፖሊቃርጶስን ገድል አንብቡ። ኮይንቶስ የሚባል የፍርግያ ሰው ራሱም በገዛ ፈቃዱ ቀረበ፣ ሌሎችንም ገፋፍቶ አቀረበ። አራዊቱን ሲያይ ጉልበቱ ከዳው። ለጣዖት ሠዋ። ሰባኪያችሁን ይህን አንብቡለት።

ሙሉ ሰው፦
ዲያቆን፣ ጥሩ ብለሃል። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። በጃንሆይ ጊዜ የጴንጤዎቹ ቤተ ክርስቲያን ሙሉ ወንጌል ፈቃድ ተከልክላ ልጆቿ ሲታፈሱ ከኋላ ሆኖ «መናፍቅ» እያለ የሚጠቁመው ማን ነበር? አባቴን የደበደበው ካድሬ አልነበረም።

ዲ/ን ዘጎፋ፦
እሱ ሌላ ርዕስ ነው።

ሙሉ ሰው፦
ሲደርስባችሁ ገድል፣ ስታደርሱ ሌላ ርዕስ። ገባኝ።

ስንቅ ያዥ፦
ኧረ በእናታችሁ! ወደ ማዳበሪያው። ቤርያ፣ ስደት ሁሌ የሚያበቅል ከሆነ ኑቢያ የት አለች? የዛሬው ሱዳን ላይ የነበረች ክርስቲያን ጎረቤታችን ነበረች፣ ካቴድራል ነበራት፣ ጳጳሳት ነበሯት። በ1500ዎቹ መጀመሪያ፣ በፈረንጆቹ፣ ኑቢያውያን ካህናት ስጡን ብለው እስከ ልብነ ድንግል ድረስ መጥተዋል። ፖርቱጋላዊው አልቫሬዝ በዓይኑ ያየውን ጽፎታል። ንጉሡም እኔ ራሴ ጳጳሴን ከእስክንድርያ ነው የማስመጣው፣ ከየት አምጥቼ ልስጣችሁ ብሎ መለሳቸው። ዛሬ አሸዋ ውስጥ ፍርስራሽ ነው የቀራት።

ቤርያ 17፦
እሷማ ካህን አጥታ ነው የጠፋችው። ራስህ አሁን ተናገርከው። ስደት አላጠፋትም።

ስንቅ ያዥ፦
ካህኑስ ለምን ጠፋ? መንገዱ ተዘግቶ፣ መንግሥቷ ፈርሶ አይደለም? ሲያድግ ስደቱ አሳደገው፣ ሲጠፋ ሌላ ምክንያት አለ። እንዲህ ከሆነ መቼም አትሸነፍም።

ቤርያ 17፦
ጳውሎስም በመከራችን እንመካለን ብሏል፣ ወንድሜ። ወይስ እሱንም ልታርመው ነው?

ስንቅ ያዥ፦
ያው ጳውሎስ ሊገርፉት ሲያስሩት «ሮማዊ ነኝ» ብሎ መብቱን ጠይቋል። ኋላም ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል። «ግረፉኝ፣ ማዳበሪያ ነው» አላለም።

ሪያድ ያለሁት፦
ሳነብ ቆየሁና እጄን በላኝ። እዚህ መዝሙር የምሰማው የዕቃ ማጠቢያውን ውኃ ለቅቄ፣ አንድ ጆሮዬ ላይ ብቻ ሰክቼ ነው። ሌላው ጆሮዬ በሩን ይጠብቃል። ታኅሣሥ 2004 ጅዳ ላይ ለጸሎት የተሰበሰቡ 35 ኢትዮጵያውያን ታስረዋል፣ 29ኙ ሴቶች ነበሩ። ስለዚህ ለጸሎት ሰው ቤት እንሂድ የሚለኝ ሲመጣ መጀመሪያ የማስበው እነሱን ነው። በእምነት አድጌ እንደሆነ አላውቅም። ፋሲካ ሌሊት ግን ትራሴን ነክሼ አልቅሻለሁ። ያ ሰባኪ ማዳበሪያው ከናፈቀው ኮንትራት ሞልቷል። ይምጣ፣ ኩሽናውን አስረክበዋለሁ።

የቀበሌዋ ልጅ፦
ይሄን ለእናቴ ላነብላት ነው።

ቤርያ 17፦
እህቴ፣ እግዚአብሔር ያበርታሽ። በጸሎት እናስብሻለን።

ሪያድ ያለሁት፦
አሜን። ግን የምትጸልዩልኝ ከዚህ እንድወጣ ነው ወይስ እንድቆይ?

ቤርያ 17፦
እንደ ፈቃዱ።

ስንቅ ያዥ፦
አየህ? ለሷ ሲሆን «እንደ ፈቃዱ»፣ አዳራሽ ውስጥ ሲሆን «መልስልን»።

ቤርያ 17፦
ቃሌን አታጣምም። «መልስልን» ያልኩት እኔ አይደለሁም፣ ሰባኪው ነው።

የቀበሌዋ ልጅ፦
አሜን ያልከው ግን አንተ ነህ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ በሁለት እጅህ። አይቼሃለሁ።

ሙሉ ሰው፦
ዲያቆን፣ እኔ አሁንም መልስ እየጠበቅኩ ነው።