የድሮ ቮልስ 1300 እና የአሁኑ ፖርሽ 911 አዲስ አበባ ላይ

ጥያቄ፦ ሁለቱም ሞተራቸው ከኋላ፣ ሲሊንደሮቻቸውም ግራና ቀኝ የተጋደሙ ናቸው። 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ የበለጠ የሚደክመው የቱ ነው? የ1971ዱ ቮልስ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላውም (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው እሳት ጫሪ) ጥላሸት ይይዛል።

መልስ 1፦ ቮልሱ ነዋ! ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ስለሌለው ሩብ ያህል ጉልበት ያጣል፤ 44 የነበረው የፈረስ ጉልበት ወደ 33 ይወርዳል። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ግን አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፣ ቤንዚን ያበዛል። ወንድሜ፣ መጀመሪያ ቾኩ (ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አየሩን የሚቀንሰው ክዳን) ሞተሩ ሲሞቅ ሙሉ በሙሉ መከፈቱን እይ። የፑንቲናውን (የካንዴላውን እሳት የሚቆጣጠረው መቆራረጫ) ክፍተት 0.4፣ የቫልቩን ክፍተት ሞተሩ ቀዝቅዞ 0.15 ሚሊ ሜትር አድርግ። ጭሱ ካልጠፋ ዋናውን ጂግለር (የካርቡሬተሩን ቤንዚን ማሳለፊያ) ቀዳዳው አነስ ባለ ቀይር። ወደ ቆላ ስትወርድ ግን የድሮውን መልስ፤ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ይግላል።

መልስ 2፦ የ2019ኙ 911 ካሬራ 3 ሊትር፣ ሁለት ቱርቦ፣ 385 የፈረስ ጉልበት ነው። ኮምፒውተሩ የቱርቦውን ግፊት ስለሚያስተካክል የከፍታው ጉዳት ብዙም አይሰማም። የሚያስቸግረው ዝቅ ያለው አካሉና ስስ ጎማው ነው፤ ጉድጓድ ቸርኬውን ይሰብራል።

መልስ 3፦ ቮልሱ 2.5 ሊትር ዘይት ብቻ ይይዛል፣ ፊልትሮ የለውም፣ ወንፊት ብቻ ነው። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይቱን ቀይር፣ ወንፊቱን እጠብ። የዲናሞው ቀይ መብራት ከበራ ወዲያው አቁም፦ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ፋን የሚያዞረውም ያው ቺንጊያ ነው።